ሳይቃጠል በቅጠል፤ የድሮንን መስፋፋት ለመግታት ስለሚሰጠው ርዳታ

ሰው መሣሪያን የፈጠረው ኑሮውን ለማቃለል ነው። መጥረቢያ እንጨት ይፈልጣል፤ ቢላዋ ሥጋ ይቈርጣል፤ እሳትም ምግብ ያበስላል። ይሁን እንጂ በደግ ሰው እጅ ለልማት የሚያገለግለው መሣሪያ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ለጥፋት እንደሚውል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በዘመናችን ይህ እውነት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ድሮን በሚባለው ሰው አልባ አውሮፕላን ነው። በኦክቶበር 2016 በሩዋንዳ አገር ድሮን ለገጠር ሆስፒታሎች ደም ማመላለስ ጀመረ፤ መኪና በተራራ መንገድ ሰዓታት የሚፈጅበትን ጕዞ በደቂቃዎች ስለሚጨርሰው በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳቸው እናቶች ታላቅ ረዳት ሆነ። በዚያው በኦክቶበር ወር በሰሜን ኢራቅ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሰየመው ቡድን ፈንጂ የሸሸገባት አንዲት ትንሽ ድሮን ሁለት የኩርድ ወታደሮችን ገደለች። ወሩ አንድ ነው፤ መሣሪያውም በዓይነቱ አንድ ነው፤ የተለየው የላኪው ሐሳብ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሀብታሞች መንግሥታት ይህን የመሰለው መሣሪያና መለዋወጫው በክፉዎች እጅ እንዳይገባ ሲሉ ለሌሎች አገሮች የማይመለስ የገንዘብ ርዳታ ይሰጣሉ። ገንዘቡ ጥይት አይገዛም፤ ለጉምሩክ ሠራተኞች ትምህርት፤ ለመመርመሪያ መሣሪያ፤ ሕግ ለሚያረቅቁ ሰዎች ምክር፤ የተያዘው መሣሪያ ከየት እንደ መጣ ለሚመረምሩ ባለሙያዎች ደመወዝ ይውላል። እንግዲህ ይህ ርዳታ ይጠቅማልን? ወይስ በሩቅ አገር የሚባክን ገንዘብ ነው? እኔ እንደማምነው በእጅጉ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚጠቅመው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው። ምክንያቴን በተራ በተራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አደጋው ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። በሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 በሳዑዲ ዓረቢያ በአብቃይቅ የሚገኘው ታላቅ የነዳጅ ማጣሪያ ሥፍራ በድሮንና በክሩዝ ሚሳይል ተመታ። በአንድ ሌሊት በቀን 5.7 ሚሊዮን በርሜል የሚሆን ነዳጅ ከገበያ ቀረ፤ ይህም ከአገሪቱ የዕለት ምርት ግማሽ ያህሉ ነው። የየመን ሁቲዎች እኛ ነን የመታነው አሉ፤ ሳዑዲ ዓረቢያና አሜሪካ ኢራንን ከሰሱ፤ ኢራንም ክሱን ካደች። በጃንዋሪ 17 ቀን 2022 አቡዳቢ በድሮንና በሚሳይል ስትመታ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሦስቱም እንጀራ ፍለጋ ከህንድና ከፓኪስታን የመጡ ሰዎች ነበሩ። በሜይ 2025 ደግሞ በጎረቤታችን በሱዳን ከጦርነቱ ርቃ የስደተኞች መጠጊያ ሆና የቈየችው ፖርት ሱዳን በድሮን ተደበደበች፤ የነዳጅ ማከማቻዋም ለቀናት ነደደ።

ድሮን ጉዳት ለማድረስ የግድ ፈንጂ መያዝ አያስፈልገውም። በዲሴምበር 2018 በለንደን አጠገብ በሚገኘው በጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ ስለ ተባለ ብቻ 1000 ያህል በረራዎች ተሰረዙ ወይም አቅጣጫ ለወጡ፤ 140,000 ያህል መንገደኞችም ተጕላሉ። እስከ ዛሬም ስለዚህ ነገር የተፈረደበት ሰው የለም። እንግሊዝን የመሰለች ሀብታም አገር እንዲህ ከተቸገረች አንድ የኤክስሬይ መሣሪያ ለመግዛት የምትጨነቅ አገር እንዴት ልትሆን ነው?

ችግሩን የሚያከብደው የዋጋው ነገር ነው። ሩሲያ በዩክሬን ላይ ከ2022 ጀምሮ የምትተኵሰው ሻሄድ 136 የተባለው ኢራን ሠራሽ ድሮን በብዙዎች ግምት ከ20,000 እስከ 50,000 ዶላር ይፈጃል። ፓትሪዮት የሚባለው መከላከያ ሚሳይል ግን አንዱ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ስለዚህ አጥቂው በጥቂት ገንዘብ ያጠቃል፤ ተከላካዩ ካዝናውን ያራግፋል። ድሮኑን በሰማይ ላይ አባርሮ ከመጣል ይልቅ ገና ሞተሩና የኤሌክትሪክ ዕቃው በሣጥን ውስጥ ሳለ በወደብ ላይ መያዝ እጅግ የረከሰ መንገድ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ታዲያ ዓለም እስከ ዛሬ ሕግ አላወጣም ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አውጥቷል፤ ነገር ግን ሕጉ የተሠራው ለትልልቁ መሣሪያ ነው። በ1987 ሰባት የኢንዱስትሪ አገሮች የሚሳይል ቴክኖሎጂን ንግድ ለመቈጣጠር ተስማሙ። በስምምነቱ ከሁሉ የጠበቀው ክልከላ የተጣለው 500 ኪሎ ግራም ጭነት ተሸክሞ 300 ኪሎ ሜትር ሊሄድ በሚችል መሣሪያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያስፈራው የአቶሚክ ቦምብ ተሸክሞ የሚሄድ ሮኬት ነበረና ልኩ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን 50 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ፈንጂ የያዘ ድሮን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያቃጥላል፤ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ደግሞ ወታደር ይገድላል። መረቡ ለዓሣ ነባሪ ተሠርቶ ሳለ ባሕሩ በትንንሽ ዓሣ ተሞላ።

ደግሞም የድሮን ዕቃ ከተራ የንግድ ዕቃ የሚለይበት ምልክት የለውም። ትንሹ ሞተር ለመዝናኛ አውሮፕላን ያገለግላል፤ ሥፍራ አመልካቹ መሣሪያ በየስልካችን ውስጥ አለ፤ ባትሪውና ካሜራው በየሱቁ ይሸጣል። ኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች የተባለው በእንግሊዝ አገር በ2011 የተመሠረተ የምርመራ ድርጅት በ2016 ባወጣው ዘገባ በኢራቅና በሶርያ ፈንጂ መሥሪያ ሆነው የተገኙት ዕቃዎች በ20 አገሮች ከሚገኙ 51 ኩባንያዎች የተሠሩ ወይም የተሸጡ መሆናቸውን አስረድቷል። ብዙው ዕቃ በሕጋዊ ገበያ ተገዝቶ በአካባቢው ትንንሽ ነጋዴዎች በኩል ያለፈ ነው። ማዳበሪያ፤ ሽቦ፤ የእጅ ስልክ፤ የመሳሰለው ሁሉ ነበረበት። እንግዲህ ይህን ለመለየት ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ብቻውን ምን ያደርጋል? የሚያስፈልገው የተማረ የጉምሩክ ሠራተኛ ነው።

የርዳታው ታሪክ የጀመረው ከድሮን በፊት ነው። በ1991 የሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የአቶሚክ መሣሪያዎቿ በሩሲያ፤ በዩክሬን፤ በካዛክስታንና በቤሎሩስ ተበትነው ቀሩ። ዘበኞቹ ደመወዝ አጡ፤ ሊቃውንቱም ተራቡ። በዚያን ጊዜ ሳም ነን የተባሉት የጆርጂያ ሴናተርና ሪቻርድ ሉጋር የተባሉት የኢንዲያና ሴናተር፤ አንዱ ከዴሞክራቶች ሌላው ከሪፐብሊካኖች ወገን ሆነው፤ ከአሜሪካ የመከላከያ በጀት እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለቀድሞው ጠላት አገር የመሣሪያ ማጥፊያ እንዲሰጥ ሕግ አስወጡ። ብዙ ሰዎች ለጠላት እንዴት ገንዘብ ይሰጣል ብለው ተቃወሙ። ነገር ግን በዓመታት ውስጥ ከ7,600 በላይ የኑክሌር ቦምቦች ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ በ1996 መጨረሻም ሦስቱ አገሮች ከአቶሚክ መሣሪያ ነጻ ወጡ። በ1994 ከካዛክስታን 600 ኪሎ ግራም ያህል ለቦምብ የሚበቃ ዩራኒየም በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ቴነሲ ሄደ። በ1992 በተፈረመ ስምምነት ደግሞ በሞስኮ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ማዕከል ተቋቍሞ፤ የጦር መሣሪያ ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት ለሰላማዊ ምርምር ገንዘብ እንዲያገኙ ተደረገ፤ የተራበ ሊቅ እውቀቱን ለሚገዛው ሁሉ እንዳይሸጥ ተብሎ የታሰበ ነው። ከጦርነት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሁሉ ምን ያህል ርካሽ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ሁለተኛው መሠረት የተጣለው በኤፕሪል 28 ቀን 2004 ነው። በዚያን ዕለት የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት 1540 የተባለውን ውሳኔ በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ከጥቂት ወራት በፊት ለሊቢያ የኑክሌር ማብላያ ዕቃ የጫነች መርከብ ተይዛ፤ የፓኪስታኑ ሊቅ የአብዱልቃድር ካን ድብቅ ንግድ ተጋልጦ ነበር። ውሳኔው እያንዳንዱ መንግሥት የኑክሌር፤ የኬሚካልና የሕይወታዊ መሣሪያ፤ እንዲሁም የማድረሻው መንገድ፤ መንግሥት ባልሆኑ ቡድኖች እጅ እንዳይገባ ሕግ እንዲያወጣና ድንበሩን እንዲጠብቅ ያዛል። የማድረሻ መንገድ ሲልም ሚሳይልንና ሮኬትን ብቻ ሳይሆን ለዚህ ሥራ ተለይተው የተሠሩ ሰው አልባ መሣሪያዎችንም ጨምሮ ነው። ከዚህም ሌላ ውሳኔው አንዳንድ አገሮች ርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተገንዝቦ፤ የሚችሉት መንግሥታት እንዲረዱ ጋብዟል። እንግዲህ ርዳታው የቸርነት ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ የታዘዘው ሥራ ይፈጸም ዘንድ ለማይችለው ጕልበት መስጠት ነው።

በዚህ መሠረት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለብዙ ዓመታት የወጪ ንግድ ቍጥጥርንና የድንበር ጥበቃን ለማጠንከር ለልዩ ልዩ አገሮች ርዳታ ሲሰጥ ቈይቷል፤ ከጊዜ በኋላም ድሮንን የመከላከሉ ሥራ ከዚሁ ጋር ተጨመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሚኒስቴሩ የሚፈልገውን ሥራ ያስታውቃል፤ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ድርጅቶች ዕቅድና የወጪ ዝርዝር ያቀርባሉ፤ የተመረጠው ገንዘቡን ተቀብሎ ሥራውን በተረጂው አገር ይሠራል፤ ሒሳቡንም ያቀርባል። የአውሮጳ ኅብረትም በ2013 ባወጣው ውሳኔ አይትሬስ የተባለውን የምርመራ ሥራ በገንዘብ መርዳት ጀመረ፤ በዚህም መርማሪዎች ጦርነት ወዳለበት ሥፍራ ሄደው የተያዙትን መሣሪያዎች ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ መለያ ቍጥራቸውን ይመዘግባሉ፤ ለፋብሪካውም እየጻፉ ለማን ሸጣችሁት ብለው ይጠይቃሉ።

የዚህ ሥራ ፍሬ ምን እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2017 እነዚሁ መርማሪዎች በየመን የተያዙትን ቃሲፍ 1 የተባሉ ድሮኖች ፈትተው ተመለከቱ። ሁቲዎች ራሳችን ፈጠርነው ይሉ ነበር። በውስጡ የተገኘው ጃይሮስኮፕ የተባለው ሚዛን ጠባቂ ዕቃ ግን በኢራቅ ከተገኘ የኢራን ድሮን ዕቃ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። የኢራን መንግሥት ለሁቲዎች መሣሪያ አልሰጠሁም ሲል ቈይቷል። የሆነ ሆኖ በሁለት አገሮች የተለቀሙ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚናገሩት ነገር አለ። ያለ እንዲህ ያለ ማስረጃ የመንግሥታት ክርክር ባዶ ጩኸት ሆኖ ይቀራል፤ ማስረጃው ሲገኝ ግን የትኛውን ዕቃ፤ በየትኛው ወደብ፤ በማን ስም መፈለግ እንደሚገባ ይታወቃል። በዩክሬን ጦር ሜዳ ከወደቁት መሣሪያዎች በተገኘው እውቀት አሜሪካ፤ የአውሮጳ ኅብረት፤ እንግሊዝና ጃፓን 50 ያህል የዕቃ ዓይነቶችን በጉምሩክ ቍጥራቸው ዘርዝረው አውጥተዋል፤ በማንኛውም አገር ያለ የጉምሩክ ሠራተኛ ይህን ዝርዝር በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሰነዱን ሊያመሳክር ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የርዳታውን ጥቅም ተናገርሁ። ነገር ግን አንዱን ወገን ብቻ መናገር ፍርድን ያዛባል። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ሦስት ብርቱ ነገር አለና እርሱን እንመርምር።

የመጀመሪያው ሰጪዎቹ ራሳቸው የመሣሪያ ነጋዴዎች ናቸው የሚለው ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። የስቶክሆልም የሰላም ምርምር ተቋም እንደ መዘገበው ከ2020 እስከ 2024 በዓለም ከተሸጠው ከባድ የጦር መሣሪያ 43 በመቶው የአሜሪካ ነው። ደግሞም በጁላይ 2020 የአሜሪካ መንግሥት በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በታች የሚበሩ ትልልቅ ድሮኖች ጥብቅ ከሆነው ክልከላ ወጥተው እንዲታዩ የ1987ቱን ስምምነት አተረጓጐም አላላ። በአንድ እጁ ቅጥር እየሠራ በሌላው እጁ በር የሚከፍት ሰው ጎረቤቱን ስለ ሌባ ቢመክረው ምክሩ እንዴት ይሰማል? የሆነ ሆኖ የመካሪው ጕድለት ምክሩን ሐሰት አያደርገውም። ሐኪሙ ትንባሆ ቢያጨስም ትንባሆ ሳንባ ያቃጥላል ማለቱ እውነት ነው። ስለዚህ ርዳታውን ከመከልከል ይልቅ ሰጪውን በገዛ ቃሉ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው በየአገሩ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እያነሰ ስለ ድሮን ምን አስጨነቀን የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች የድኻውን ችግር ማሰባቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የጦር መሣሪያ መስፋፋት ከድኻው ኑሮ የተለየ ነገር አይደለም። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ከ100 በላይ የንግድ መርከቦችን በሚሳይል፤ በድሮንና ሰው በሌለበት ጀልባ አጥቅተዋል። በማርች 2024 የሰመጠችው ሩቢማር የተባለች መርከብ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ጭና ነበር። ብዙ መርከቦች የደቡብ አፍሪካን ጫፍ ዞረው በመጓዛቸው መንገዳቸው በአሥርና ከዚያም በሚበልጡ ቀናት ረዘመ። የስዊዝ ቦይ ገቢ በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ፤ ይህም የግብፅ ሕዝብ ገንዘብ ነው። የባሕር በር የሌላት አገራችን ኢትዮጵያም ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያለፈ ነው። የመርከብ ኪራይና የኢንሹራንስ ዋጋ ሲወጣ የማዳበሪያው ዋጋ ይወጣል፤ የማዳበሪያው ዋጋ ሲወጣ የጤፉ ዋጋ ይወጣል። እንግዲህ የወላጆቻችን የገበያ ዘንቢል ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም።

ሦስተኛው ርዳታው አይዘልቅም የሚለው ነው። ይህም ብርቱ ነገር ነው። በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ የልማት ርዳታ ለ90 ቀን እንዲታገድ ባዘዙ ጊዜ በብዙ አገሮች የተጀመረ ሥራ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተናጋ። የሌላ ሰው ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ባለቤቱ ምጣዱን ሲያነሣ ይቋረጣል። ከዚህ የምንማረው ርዳታው ክፉ መሆኑን ሳይሆን በርዳታ ብቻ መኖር ክፉ መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ ከተመለከትን ዘንድ ርዳታው ፍሬ እንዲያፈራ መሟላት አለባቸው ያልኋቸውን ሦስት ነገሮች ልናገር።

አንደኛ፤ ገንዘቡ በሰው አእምሮ ላይ ይዋል። በሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ተሰብስቦ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶና የምስክር ወረቀት ተቀብሎ መበተን ትምህርት አይባልም። የሠለጠነው ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ትምህርቱ በአገሪቱ የጉምሩክ ማሠልጠኛና በዩኒቨርሲቲዎቿ ውስጥ ተተክሎ፤ አገሬው መምህር ራሱ በገዛ ቋንቋው የሚያስተምረው መሆን አለበት። ውድ መመርመሪያ መሣሪያ ሲሰጥም የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው አብሮ ይሰጥ፤ ያለዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ አቧራ የለበሰ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፤ ሒሳቡና ሥራው ግልጽ ይሁን። ድሮንን የሚያይ ራዳርና የሬዲዮ ሞገድን የሚያውክ መሣሪያ ሰላማዊ ሰውን ለመሰለልም ሊያገለግል ይችላል። ሌባ ለመያዝ የተገዛ ውሻ የባለቤቱን ልጅ እንዳይነክስ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ማን ምን ያህል እንደ ተቀበለ፤ ምን እንደ ገዛ፤ መሣሪያውንም በየትኛው ሕግ እንደሚጠቀምበት ሰጪውም ተቀባዩም ለሕዝባቸው ይግለጹ። ገበሬው ሰብሉን፤ ሐኪሙም መድኀኒቱን በድሮን እንዳይረዳ የሚከለክል ሕግም አይውጣ፤ ሕጉ ክፉውን ለይቶ የሚይዝ እንጂ ሁሉን በአንድነት የሚዘጋ አይሁን።

ሦስተኛ፤ ሰጪው በራሱ ቤት ይጀምር። የሻሄድ 136 ሞተር በጀርመን አገር ለትንንሽ አውሮፕላኖች ከተሠራ ሞተር የተቀዳ ነው፤ በዩክሬን በወደቁት ድሮኖች ውስጥም የምዕራባውያን ኩባንያዎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በብዛት ተገኝተዋል። እንግዲህ የጅቡቲ ወይም የሞምባሳ ጉምሩክ ሠራተኛ ከመወቀሱ በፊት ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ የገዢውን ማንነት አጣርቶ መሸጥ ይገባዋል። ጅረት የሚጠራው ከምንጩ ነው።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ተሟልተው ሊሠራ እንደሚቻል የሚያሳይ ምልክት በአጠገባችን አለ። የጸጥታው ምክር ቤት በኤፕሪል 2015 በሁቲዎች ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ከጣለ በኋላ፤ በሜይ 2016 የተባበሩት መንግሥታት የመርከብ መመርመሪያ መሥሪያ ቤት በጅቡቲ ሥራ ጀመረ። ወጪውን የሚከፍሉት ልዩ ልዩ መንግሥታት በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ወደ ሁዴይዳና በአካባቢው ወዳሉት የየመን ወደቦች የሚሄዱ የንግድ መርከቦች ሰነዳቸው ይመረመራል፤ አስፈላጊ ሲሆንም መርማሪዎች ወደ መርከቡ ወጥተው ጭነቱን ያያሉ። የዚህ ሥራ ታላቅ ቁም ነገር መሣሪያን መከልከሉ ብቻ አይደለም፤ ለተራበው የየመን ሕዝብ ስንዴና ነዳጅ የጫነው መርከብ ታምኖ እንዲያልፍ ማድረጉም ነው። ጕድለት የለበትም አልልም፤ በጀልባና በየብስ የሚሾልከው መሣሪያ ብዙ ነው። ቢሆንም ቍጥጥርና ርኅራኄ በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ እንደሚችሉ አሳይቷል።

አሁን ነገሬን ወደ እኛው ወደ ኢትዮጵያውያን እመልሳለሁ። ድሮን ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2020 በተጀመረውና በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት በተገታው የሰሜኑ ጦርነት የድሮን ድምፅ ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቁ እናቶችና ሕፃናት አሉ፤ በጃንዋሪ 2022 በደደቢት በመጠለያ ውስጥ የነበሩ ከ50 በላይ ተፈናቃዮች በአየር ድብደባ ሞተዋል። በሌላ በኩል አገራችን በማርች 2025 ስካይዊን የተባለውን የድሮን ፋብሪካ አስመርቃለች። በመሥራታችን ኵራት ሊሰማን ይገባል፤ ነገር ግን የሚሠራ ሁሉ የመጠበቅ ዕዳ አለበት። ለማን እንደሚሸጥ፤ ገዢው ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ፤ መለያ ቍጥሩም እንዳይፋቅ የሚያዝ ሕግና ሕጉን የሚያስከብር ሰው ያስፈልገናል። ለሌላው ስንፈርድ የነበረውን በራሳችን ላይ መፍረድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የውጭ ርዳታ ቢገኝ በምስጋና መቀበል ነውር የለበትም፤ ነገር ግን መንግሥታችን ከራሱ በጀት በየዓመቱ ድርሻውን ይጨምር፤ ርዳታው ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቋረጥ።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ብዙዎቻችን መሐንዲስ ወይም ሐኪም ለመሆን እንመኛለን፤ የጉምሩክ መርማሪ ለመሆን የሚመኝ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ከላይ እንዳየነው በዛሬው ዘመን አንድ ንቁ የጉምሩክ ሠራተኛ በአንድ ወረቀት ላይ ባየው ቍጥር ተጠራጥሮ ሣጥን ቢያስከፍት አንድ ሻለቃ ጦር የማይችለውን ሊያድን ይችላል። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምንማረው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ጃይሮስኮፕ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ሣጥኑ ቢከፈትለትም ምን እንዳየ አያውቅም። ጂኦግራፊ የምንማረውም የባሕሩን መንገድ እንድናውቅ ነው። መምህራኖቻችንም በዚህ ረገድ ቢመክሩን፤ ወላጆቻችንም ይህን ሙያ እንደ ሌላው ሙያ ቢያከብሩት ለአገር ይበጃል።

በመጨረሻ የምለው ይህ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ በረቱን አያድንም። መንግሥታት ለቦምብ ከሚያወጡት ገንዘብ እጅግ ትንሹን ቦምቡ እንዳይደርስ ለሚከለክለው ሰው ቢሰጡ፤ ተቀባዮቹም በታማኝነት ቢሠሩበት፤ በፖርት ሱዳን የሚነደው እሳት ሳይነድ በቀረ፤ በአቡዳቢ የሞቱትም ሠራተኞች ወደ ልጆቻቸው በተመለሱ ነበር። ርዳታው ይሰጥ፤ ይመርመር፤ ይዝለቅ።